በሳቅ የሞተ ራስ ቅል፦ ስለ አንዲት ፊደለ ሥዕል ትርጓሜ ዳሰሳ

ባለፈው ኅዳር፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እናት ማረፋቸውን ሰምቼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ሰፈሩ ወረድሁና ከአስፋልቱ ዳር ተተክሎ ያገኘሁትን ድንኳን፣ የማን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያለቀስሁ ገባሁበት። ሰዉም አብሮኝ አለቀሰ፤ ኋላም አረጋግተው አስቀመጡኝ፤ ንፍሮ ቀረበ፤ ቡናም ተቀዳ። ከጎኔ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋራ «መቼም ደግ ነበሩ»፣ «ቤታቸው እንግዳ ጠፍቶበት አያውቅም» እየተባባልን፣ የአክብሮት አነጋገራችን ወንድና ሴት የማይለይ በመሆኑ፣ እኔ ስለ ባልደረባዬ እናት፣ እርሳቸው ደግሞ ጡረታ ወጥተው ስለ ነበሩ አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ አንድ ሰዓት ያህል በፍጹም ስምምነት ስንጫወት ቆየን። እኔ የፈለግሁት ድንኳን ሌላ መሆኑን የተረዳሁት፣ አንድ ቄስ ለጸሎት ተነሥተው የሟቹን የክርስትና ስም «ኀይለ ማርያም» ብለው በጠሩ ጊዜ ነው።

ይህን ገጠመኝ ለብቻዬ ይዤው ማደር ስላልሆነልኝ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግሩፕ በሚሉት የቤተ ሰባችን የቴሌግራም ማኅበር ውስጥ ጻፍሁትና ተኛሁ። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። በአገራችን በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ከመርዶ በቀር ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል ተብሎ ስለማይጠበቅ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሣሁት።

«ማን ነው የሞተው? ሦስት ራስ ቅል ነው እኮ የላከችው!» አሉኝ ታላቅ እኅቴ፣ ገና «አቤት፣ እትዬ» ሳልል።

የላከችው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው የታናሽ እኅታችን ልጅ ናት። ከፍቼ ባየው፣ በእርግጥም ከጻፍሁት ታሪክ ሥር፣ አንድም ቃል ሳይጨመርበት፣ ጥርሳቸው የገጠጠ ሦስት ነጫጭ ራስ ቅሎች ተደርድረዋል። በእነርሱ አገር ገና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለ ነበረ ደወልሁላት።

«ጋሼ፣ በሳቅ ሞትኩ ማለት ነው እኮ! ሦስቱም እኔ ነኝ» አለችኝ፣ አሁንም እየሳቀች።

ይህን ቃል ለእትዬ ባደርስላቸው፣ «ሦስቱም እኔ ነኝ» ያለችውን ሲሰሙ ሦስት ጊዜ አማተቡ። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የዚህችን ምልክት ነገር ስመረምር ከረምሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ያን ጊዜ ከመረመርሁት የተገኘ ነው።

አስቀድሞ የስሙን ነገር እንመልከት። «ኢሞጂ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ስሜት ተብሎ ከሚተረጐመው የእንግሊዝኛ ቃል የተወለደ ይመስለዋል። መመሳሰሉ ግን እንዲያው የአጋጣሚ ነው፤ ቃሉ ጃፓንኛ ሲሆን «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ደግሞ ፊደል ማለት ነውና፣ የግእዝ መምህር ቢጠየቅ «ፊደለ ሥዕል» ብሎ በሁለት ቃል ይጨርሰው ነበር። እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ፤ አንባቢ ኢሞጂ ብሎ ቢያነበው አልቀየምም።

በጽሕፈት መካከል ፊትን የማስገባት ፍላጎት ከጃፓን የቀደመ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 ስኮት ፋልማን የተባለ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ምሁር፣ ባልደረቦቹ በኮምፒዩተር ሲጻጻፉ ቀልዱን ከቁም ነገሩ መለየት እያቃታቸው ሲቸገሩ አይቶ፣ በሁለት ነጥብ፣ በአንድ ጭረትና በአንድ ቅንፍ የተሠራ ፈገግታ በቀልዱ መጨረሻ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ሥዕሉ ራሱ የመጣው ግን ከጃፓን የስልክ ኩባንያዎች ነው። ጄይ ፎን እ.ኤ.አ. በ1997 90 ሥዕሎችን በአንድ ስልክ ውስጥ አስገብቶ አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1999 ደግሞ ሺጌታካ ኩሪታ ለዶኮሞ ኩባንያ 176 ሥዕሎችን፣ እያንዳንዱን ወርዱም ቁመቱም 12 ነጥብ በሆነ ጠባብ አራት ማዕዘን ውስጥ አስፍሮ አዘጋጀ። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ናቸው። የዓለምን ጽሕፈት ሁሉ በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የጃፓኖቹን ሥዕሎች በብዛት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ራስ ቅሏም የገባችው በዚያን ጊዜ ነው። የእኛ ፊደል በዚሁ መዝገብ የተጻፈው በ1999 መሆኑን፣ ከዚያ በፊትም በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ያው የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይወጣ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ሀ ግዕዝና ጥርሷን ያገጠጠች ራስ ቅል በአንድ መዝገብ፣ እኩል ማዕረግ ተሰጥቷቸው፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ልዩነት መስፈራቸው ትንሽ ሳያስገርመው አይቀርም።

ነገር ግን መዝጋቢው ቁጥርና ስም ከመስጠት አልፎ ትርጓሜ አይደነግግም። ስሟ «ራስ ቅል» ነው፤ በቃ። ትርጓሜውን የሚሰጠው ጉባኤው ነው፤ የአንድ ጉባኤ ትርጓሜ ደግሞ ከሌላው ሊለይ እንደሚችል የአንድምታ መጻሕፍትን የገለጠ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የራስ ቅሏን ነገር እንደ መምህራኑ ሥርዓት አንድም እያልን እናውጣው።

ነጠላ ትርጓሜው ሞት ነው፤ ይህን ሕፃንም ይረዳዋል። አንድም፣ አደጋ ነው፤ በመርዝ ጠርሙስና በከፍተኛ ኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ላይ፣ ከሥሩ ሁለት አጥንት ተመሳቅሎ የሚሳለው የዚህ ወገን ነው። ዩኒኮድ ይህን ባለ ሁለት አጥንቱን ከሌላዋ ለይቶ፣ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1993 መዝግቦት ነበር፤ ወጣቶቹም ሁለቱን አያቀላቅሉም፤ ባለ አጥንቱ ዛሬም ቁም ነገረኛ ነው፤ ለሳቅ የተመረጠችው ባለ አጥንቱ ሳይሆን ብቻዋን የቆመችው ናት። አንድም፣ ራስ ቅል መድኀኒት ነው። ይህ ሦስተኛው ለፈረንጅ ወጣት እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ያደገ ሰው ግን በስቅለት ሥዕል ላይ፣ ከመስቀሉ ግርጌ የአዳም ራስ ቅል ተቀምጦ፣ የጌታ ደም ወርዶ ሲነካው አይቶ አድጓል። ቦታው በዕብራይስጥ ጎልጎታ፣ በጽርዕ ቀራንዮ መባሉ ከዚያው ነው፤ ቀራንዮ ማለት ራስ ቅል ማለት ነውና። ስለዚህ «ቀራንዮ» ባልን ቁጥር፣ ሳናውቀው፣ ይህችኑ ምልክት በቃል እየጻፍናት ኖረናል።

አራተኛው ትርጓሜ ሳቅ ነው፤ የዳሰሳው ሁሉ መነሻም እርሱ ነው። ይህም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ራስ ቅል በተጻፈ ነገር መጨረሻ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ጸሐፊው በራሱ ላይ በደረሰው ውርደት ራሱ እየሳቀ መሆኑን ይናገራል፤ ለምሳሌ ተማሪ ለፈተና ተጣድፎ ሲደርስ ፈተናው ትናንት እንደ ነበረ ሲሰማ። ሁለት ሦስት ሆኖ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር ሲደረደር፣ እንደ እኅቴ ልጅ፣ ያነበብሁት ነገር በሳቅ ገደለኝ ማለት ነው። አንድ ሰው ያላሰበበትን ንግግር በአደባባይ ከተናገረ በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ራስ ቅል ሲወረውሩበት ግን ትርጓሜው ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሟቹ ሳቂው መሆኑ ቀርቶ ተሳቂው ይሆናል፤ የእኛ ልጆች «አለቀለት» ወይም «ሙድ ያዙበት» የሚሉት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በሌላው ስሕተት እኔ አፈርሁ ለማለት የሚላክ አለ፤ ይህኛው ከሳቅ ይልቅ ለመሳቀቅ የቀረበ ነው። አራቱን የሚለየው ቁጥሩ፣ ቦታውና የሁለቱ ሰዎች ቅርበት ብቻ ሲሆን፣ ሥዕሏ ግን በየትኛውም ጊዜ ያችው የገጠጠች ሥዕል ናት።

ለምን ሞት? ሳቅን ለመግለጽ ስንት የሚስቅ ፊት ተሥሎ ተቀምጦ ሳለ ወጣቱ ወደ መቃብር የወረደበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ፣ እንደማስበው፣ ከራስ ቅሏ በፊት ነግሣ በነበረችው በሌላዋ ምልክት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከሁለት ዓይኖቿ የደስታ እንባ የሚፈልቀውን ያችን ቢጫ ፊት የማያውቃት ስልክ ያዥ የለም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2015 የዓመቱ ቃል ብለው ሲመርጧት፣ ቃል ያልሆነ ነገር ቃል ተብሎ ሲመረጥ የመጀመሪያው ሆነ። በ2021ም ዩኒኮድ ባወጣው ቈጠራ ከሌሎች ሁሉ በልጣ፣ ብቻዋን በዓለም ከሚላኩት ፊደለ ሥዕሎች ከመቶው ከአምስት እጅ በላይ ሆና ተገኘች። ነገር ግን በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ፣ በአሜሪካ ያሉ ወጣቶች «ይህች የወላጆቻችን ናት» ብለው እንደ ተዉአት በየጋዜጣው ተጻፈ። አባት «እሺ» ለማለት፣ አክስት «ደኅና እደሩ» ለማለት፣ አለቃ ስብሰባው መራዘሙን ለመንገር ሁሉ ያችኑ ፊት ሲለጥፉ፣ የእንባዋ ጨው አለቀ። አሞሌ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየተሸረፈ፣ እየሟሟ፣ በመጨረሻ ሚዛን የማያነሣ ቁራሽ እንደሚሆን ሁሉ፣ የሳቅ ምልክትም ሳቅ በሌለበት በተላከ ቁጥር ያልቃል። በእውነት የሳቀ ሰው ከዚያ የበለጠ ነገር መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ከእንባ በላይ ያለው ደግሞ ሞት ብቻ ነው። በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ «ሞቻለሁ» ብሎ በቃል መጻፍ ቀድሞም የተለመደ ስለ ነበረ፣ ሥዕሏ የቃሉን ቦታ ስትወስድ ብዙ መንገድ አልሄደችም።

በዚህ ላይ፣ ሳቅ ይገድላል የሚለው ሐሳብ የዘመኑ ልጆች ፈጠራ አይደለም። ክሪሲጶስ የተባለው የግሪክ ፈላስፋ በለሱን የበላበትን አህያ አይቶ ሲስቅ ሞተ የሚል ወሬ ከጥንት ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ፈረንሳዮች በስልክ ሲጻጻፉ «ኤም፣ ዴ፣ ኤር» የሚሉ ሦስት ፊደሎችን ያኖራሉ፤ ሲፈታ «በሳቅ የሞተ» ነው፤ ዐረቦችም «ከሳቅ የተነሣ ሞትሁ» ይላሉ። አማርኛማ በዚህ በኩል የሚበልጠው የለም። «ሳቅ ገደለኝ»፣ «በሳቅ ፈረስሁ»፣ «በሳቅ ፈነዳሁ»፣ «አንጀቴ ተቈረጠ» እንላለን፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ሬሳ፣ አንድ ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜ ፊኛ፣ አንድ ጊዜም ቄራ ይሆናል። ስለዚህ እትዬ ሥዕሏን አይተው በመደንገጣቸው አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት የጎረቤታቸውን ወሬ ሲነግሩኝ «ኧረ ሳቅ ገደለኝ» ብለው የጀመሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ጆሯቸው ሲሰማው የኖረውን ዓይናቸው ሲያየው ነው ያላወቀው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሞትን በዕለት ንግግሩ እንደ አማርኛ ተናጋሪ የሚያመላልስ ሕዝብ ብዙ ያለ አይመስለኝምና። እንግዳ እንጀራው በቃኝ ሲል «በሞቴ!» ብለን እንለምነዋለን፤ እምቢ ቢል «አፈር ስሆን!» እንጨምራለን፤ ለምንወደው ልጅ «እኔ ልሙትልህ» እንላለን፤ ለመሐላ ደግሞ «አባቴ ይሙት» ብለን የራሳችንን ሳይሆን የአባታችንን ሕይወት እናሲዛለን። ጓደኛሞችም ሲማማሉ «ሙት!» ይባባላሉ፤ «ሙት» የተባለውም ደስ ብሎት ያምናል። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተርጉሞ ቢሰማው፣ ከአንዲት ምሳ ላይ ስንት አስከሬን እንደሚነሣ ቈጥሮ አይጨርስም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛ ሞት ስጦታ ነው፤ ተናጋሪው ነፍሱን ለወዳጁ ያቀርባታል። የራስ ቅሏ ሞት ግን ደረሰኝ ነው፤ «ቀልድህ ደርሶኛል፤ ሥራውንም ሠርቷል» የሚል። ወጣቶቹ በሞት ይቀልዳሉ ብለው የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉ፤ እኔ ግን «በሞቴ» እያለ ያጐረሰ ሰው በራስ ቅል የሚቈጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው በየቦታው የሚሰማው ነገር፣ ይህ ሁሉ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው የሚለው ነው። ንጽጽሩ ደስ የሚል ቢሆንም፣ ቅኔ ቤት ሳይገቡ ቅኔ ማለት እንዳይሆን ማስተዋል ይገባል። በእርግጥ ከቅኔ መንገዶች አንዱ ውስጠ ወይራ የሚባለው፣ ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነው፣ ከራስ ቅሏ ጋራ ይቀራረባል። ነገር ግን ቅኔ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ወርቁን ቀብሮ የሚያውቀው ባለ ቅኔው ነው፤ ሰሚው ቈፍሮ ያወጣዋል፤ ሲያገኘውም ይደሰታል። በራስ ቅሏ ሥር የተቀበረ ወርቅ የለም፤ ማንም አልደበቀውም፤ በማኅበሩ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከማኅበሩ ውጪ ያለ ደግሞ ቢቈፍር አያገኘውም፤ መጠየቅ ብቻ ነው ያለበት። ይልቁንስ ሁለቱ የሚገናኙት ሌላ ቦታ ላይ ይመስለኛል። በቅኔ ማኅሌት ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የደገመው ባለ ቅኔ ያፍራል። ወጣቶቹም ስለ ምልክቶቻቸው ያላቸው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ሁሉ ያወቀው፣ ሁሉ የደገመው ምልክት ለእነርሱ የተበላ ቅኔ ነው። አረጋውያን የራስ ቅሏን ምስጢር ደርሰንበታል ብለን በደስታ ስንልካት፣ እነርሱ ሌላ ለማምጣት ይነሣሉ።

ከራስ ቅሏ ሌላ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ ለመዳሰስ ቦታም ትዕግሥትም የለም፤ ቈጠራው ዛሬ ከ3,700 አልፏል። ጥቂቶቹን ብቻ ላንሣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያለቅሰው ፊት እንደ ራስ ቅሏ ሁሉ ወደ ሳቅ ዞሯል፤ ስለዚህ አንድ ወጣት ራስ ቅልና ልቅሶ አከታትሎ ቢልክ፣ ድንኳን መትከል ሳይሆን አብሮ መሳቅ ነው። ባርኔጣ ውሸት ማለት ሆኗል፤ በአሜሪካ የመንደር አነጋገር «ባርኔጣ የለም» ማለት «አልዋሸሁም» ማለት ስለ ሆነ ነው። ፍየል ደግሞ «በዘመናት ሁሉ ታላቅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የአራቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ሲጋጠሙ የፍየልን ስም ስለሚሰጡ፣ ታላቅ ሰውን ለማመስገን ትላካለች፤ የኳስ ተጫዋቹ ሜሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንድ መጽሔት ፎቶግራፍ ሲነሣ እውነተኛ ፍየል አቅፎ ቆሟል። የእኛም ልጆች የቀነኒሳን ሥዕል ለጥፈው ከሥሩ ፍየል ያኖራሉ። በጉ በቀኝ፣ ፍየሉ በግራ ሲቆም በወንጌል እየሰማን ላደግን ሰዎች ግን ይህ ምስጋና ለጊዜው ሳይከነክነን አያልፍም።

ስለ ደበርጃኗና ስለ ኮኳ የምናገረው ጥቂት ነው፤ ሁለቱ የአትክልት ቦታ ፍሬዎች በወጣቶች ዘንድ ከአትክልት ቦታ በጣም ርቀዋል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ደበርጃኗን ከፍለጋ እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ አፕል ኩባንያም በ2016 ኮኳን ይበልጥ ኮክ አስመስሎ ቢሥላት፣ ተጠቃሚዎቹ በፊት የነበረው ቅርጿ ይመለስልን ብለው ጮኹ፤ ኩባንያውም መለሰው። የገበያ ዝርዝር የምትልክ እናት ኮክ አንድ ኪሎ ብላ በቃል እንድትጽፍ እመክራለሁ።

ስለ ተጋጠሙት ሁለት እጆች ግን ይህን ያህል በችኰላ ማለፍ አልችልም። ጃፓኖች ሲለምኑም ሲያመሰግኑም መዳፎቻቸውን ያጋጥማሉና ምልክቱ የመጣው ከዚያ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጸልይ ሰው እጁን ይዘረጋል እንጂ መዳፍ ከመዳፍ ማጋጠም የጥንት ልማዳችን አይደለም። እንዲያም ሆኖ፣ በየግሩፑ በበዓል ጊዜ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባል፣ ለታመመ «እግዚአብሔር ይማርህ» ሲባል፣ ለተደረገ ውለታ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ሲባል፣ እነዚያ ሁለት እጆች ከአማርኛው ቃል ቀጥለው ይመጣሉ፤ ከአሜንም፣ ከእጅ መንሣትም፣ ከምስጋናም ተካፍለው የራሳቸውን አማርኛ ይናገራሉ። ከፈረንጅ አገር «እጅ ለእጅ የተማቱ ሁለት ሰዎች ናቸው» ብለው የሚከራከሩ እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ እትዬ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ አልነገርኋቸውም። ለስላሳ ፈገግታ ያላት ፊትም እንዲሁ ናት፤ በቻይና ወጣቶች ዘንድ ንቀትና ብርድ ብርድ የሚል ስንብት ናት፤ የእኛ አዛውንቶች ግን በቅን ልብ ይልኳታል፤ እኔም ልኬአለሁ።

የምልክቶች ትርጓሜ የልጆች ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለሚጠራጠር፣ የአውራ ጣትን ነገር ልንገረው። በካናዳ፣ በሳስካችዋን ግዛት፣ አንድ እህል ነጋዴ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 87 ቶን ተልባ የሚገዛበትን ውል ፎቶግራፍ አንሥቶ «አረጋግጥልን» ከሚል ቃል ጋራ ለአንድ ገበሬ በስልክ ላከ። ገበሬው የቆመ አውራ ጣት መለሰ። ተልባው የሚደርስበት ጊዜ ሲመጣ ዋጋው ንሮ ነበር፤ ተልባውም አልደረሰም። ገበሬው በፍርድ ቤት ቆሞ፣ ጣቱ «ወረቀቱ ደርሶኛል» ማለት ነው እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም ሲል ተከራከረ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 ጣቱ ፊርማ ነው ብለው ፈረዱ፤ ገበሬውም ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት፤ በ2024 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸናው። ዳኛው ያደረጉት፣ ነገሩን ከሥሩ ካየነው፣ እኔ በዚያ ሌሊት ካደረግሁት የተለየ አይደለም፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ቀድሞ ምን ዓይነት ልማድ ነበር ብለው ጠየቁ። ገበሬው ከዚያ በፊት በነበሩት ውሎች «እሺ»፣ «ይሁን» የሚሉ አጫጭር መልሶችን እየላከ እህሉን ያደርስ ስለ ነበረ፣ ጣቱም የእነዚያ ቃላት ወንድም ሆኖ ተቈጠረ።

በእኔ በኩል፣ ነገሩን ሁሉ ካገላበጥሁት በኋላ፣ ጥፋቱን በልጅቱም በእትዬም ላይ ማድረግ አልቻልሁም። ሁለቱም በትክክል አንብበዋል፤ ያነበቡት ግን በሁለት ጉባኤ ነው። ድሮ የልጆች አነጋገር በልጆች መካከል፣ የሽማግሌዎች በሽማግሌዎች መካከል ነበረ፤ ልጅ ጓሮ ወርዶ ከእኩዮቹ ጋራ የሚናገረውን እናቱ ፊት አይናገረውም፤ ቤት ሲገባ ምላሱን ለውጦ ይገባል። በአንድ ግሩፕ ውስጥ ግን አያት፣ አጎትና የእኅት ልጅ፣ አዲስ አበባና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌሊትና ምሽት ሳይለያዩ ተቀምጠዋል፤ ጓሮውም ሳሎኑም አንድ ሆኗል። ድምፅ የለም፣ ፊት የለም፣ ትከሻ ሲነቃነቅ አይታይም። በመርዶ ጊዜ እንኳ ለሐዘንተኛው የሚነግረው ሰው እስኪመረጥ፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ፣ እስኪነጋ እየተባለ ስንት ጥንቃቄ የሚደረግለት ሞት፣ እዚያ ውስጥ በአንድ አውራ ጣት ተነክቶ ያልፋል። ልጅቱም ይህን ተረድታ ይሁን አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህ ራስ ቅል ስትልክልኝ «ጋሼ፣ ሰላም ነን!» የሚል ቃል ከፊቱ ታስቀድማለች፤ ይህም በመሠረቱ ቀልዱን ይገድለዋል፤ ግን እትዬ እንቅልፋቸውን ይተኛሉ።

ባለፈው የስቅለት ዕለት ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀደም ሲል ያነሣሁትን የስቅለት ሥዕል በግሩፑ ላክሁ። እመቤታችን በቀኝ፣ ዮሐንስ በግራ ቆመዋል፤ ከመስቀሉ ግርጌ የአዳም ራስ ቅል አለ፤ ሠዓሊው ጥርሱን አንድ በአንድ ቈጥሮ ሥሎታል። የእኅቴ ልጅ የተጋጠሙ እጆች ላከች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከሰዓት በኋላ፣ ከስግደት ሲመለሱ መሆን አለበት፣ እትዬ ሥዕሉን አይተው ከሥሩ አንድ ራስ ቅል አኖሩ፤ የአዳምን መሆኑ ነው። ወዲያው ስልኩ የእኅቴ ልጅ እየጻፈች መሆኗን አሳየኝ፤ ቆመች፤ ደግማ ጀመረች፤ ቆየችና ተወችው።